ከፍ ከማድረግ በፊት መመዘን፦ የፎርዊል መኪና ሰስፔንሽን በሀዲያና በከምባታ መንገዶች

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአንጋጫ ፎርዊል መኪና የሽርሽር ዕቃ ብቻ አይደለም። ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ከገጠር ቀበሌ ወደ ሆስፒታል የሚያመጣው አምቡላንስ ብዙ ጊዜ ቶዮታ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው። ያው ሃርድቶፕ አልጋ፣ የውሃ ታንከርና ምድጃ ሲገጠምለት የመንገደኛ ቤት ይሆናል፤ አፍሪካን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ በመኪና የሚያቋርጡ ሰዎች ከሚመርጧቸው መኪኖች አንዱ እሱ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሱ የአስጎብኚ ላንድክሩዘሮችም ድንኳን፣ ጀሪካንና የማብሰያ ዕቃ ጣሪያቸው ላይ ጭነው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ሥራቸው ይለያይ እንጂ ባለቤቶቻቸው ጋራዥ ሲገቡ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፦ «ኋላው ተቀምጧል፣ ከፍ አድርጉልኝ»።

ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከሥሩ ይመለከታል። ሰስፔንሽንን ለማሻሻል ምን ምን አማራጮች አሉ? እያንዳንዱ ምን ይሰጣል፣ ምንስ ይወስዳል? በሀዲያና በከምባታ መንገድ ለሚውል መኪናስ የትኛው ይሻላል? ከወዲሁ አቋሜን ልናገር፦ ሰስፔንሽን የሚመረጠው በክብደት ነው። ቁመት ከትክክለኛ ምርጫ በኋላ የሚመጣ ውጤት ነው፤ ቀድሞ የሚታዘዝ ከሆነ ግን አደጋ ነው።

መንገዱ የሚጠይቀው

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ከዋናው መንገድ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የከተማው ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ነው፤ ቀጥሎ ጠጠር ይመጣል፤ ከጠጠሩ ባሻገር ደግሞ ክረምት ሲገባ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ቀይ አፈር አለ። ከምባታ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በአምባሪቾ ተራራ ዙሪያ በተዳፋት ላይ የሰፈረ፣ በእንሰት የተሸፈነ አገር ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከሆሳዕና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግቤና ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ደግሞ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

እነዚህ መንገዶች ከመኪናው የሚፈልጉት የተለያየ ነው። አስፋልት በኩርባ ላይ አለመወላገድን ይጠይቃል። ኮብልስቶን ጥቃቅን ምቶችን ያለ ማቋረጥ ያወርዳል። እንደ ማዕበል የተሸበሸበ ጠጠር አሞርዛተሩን እስኪግል ያሠራዋል። ጭቃና ቦይ ደግሞ አራቱም ጎማዎች መሬት እንዲነኩ፣ አክስሉ እንደ ልቡ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲል ይፈልጋሉ። ባሌስትራውን ማጠንከር ብቻ ከእነዚህ አንዱንም በሙሉ አይመልስም። እጅግ የደረቀ ባሌስትራ ጎማውን ከመሬት ያነሳዋል፤ የተነሳ ጎማ አይገፋም፣ ፍሬንም አይዝም።

ተሸካሚና አርጋቢ

ሰስፔንሽን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። ባሌስትራ ወይም ሞላ ክብደቱን ይሸከማል፤ ምት ሲመጣ ይታጠፋል፣ መልሶም ይዘረጋል። አሞርዛተር፣ ብዙዎች ሾክ የሚሉት፣ ክብደት አይሸከምም። የእሱ ሥራ መወዛወዙን ማርገብ ነው፦ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ የእንቅስቃሴውን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጣል። ስለዚህ መኪና ኋላው ሲቀመጥ አሞርዛተር መለወጥ አያነሳውም፤ መኪና ሲዘል ባሌስትራ መጨመር አያረጋውም፤ እንዲያውም ዝላዩን ያብሰዋል። በየጋራዡ ከሚባክነው ገንዘብ ብዙው የሚባክነው እነዚህ ሁለት ሥራዎች ሲምታቱ ነው።

የምቾት ልክም ይሰላል። ባሌስትራው በተሸከመው ክብደት 10 ሴንቲ ሜትር ከታጠፈ መኪናው በሰከንድ 1.6 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። በጣም ጠንካራ ሆኖ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከታጠፈ 2.2 ጊዜ ይደርሳል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ምቱ ወደ ሰው አከርካሪ ሳይለዝብ ይደርሳል። አንድ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ባሌስትራ ገጥሞ የላካቸው ሁለት ሃርድቶፖች እዚህ ላይ ይለያያሉ። በአልጋ፣ በውሃና በነዳጅ የተሞላው የመንገደኛ ቤት ባሌስትራውን አጉብጦ እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል፤ አንዲት እናትና አንድ ባለሙያ ብቻ የያዘው አምቡላንስ ደግሞ ለሙሉ ጭነት በተሠራ ብረት ላይ ይዘላል። የመጀመሪያው ጠንከር ያለ ባሌስትራ ያስፈልገው ይሆናል፤ ሁለተኛው የሚያስፈልገው ለስለስ ያለ ነው። ለሁለቱም «ንጣፍ ጨምሩበት» ማለት በታማሚዋ ላይ መፍረድ ነው።

መጀመሪያ ሚዛን

ክብደት በዓይን አይገመትም። ሁለት ታንከር ያለው ሃርድቶፕ እስከ 180 ሊትር ናፍጣ ይይዛል፤ ይህ ብቻውን 150 ኪሎ ያህል ነው። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ቁም ሣጥንና አልጋ፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ ፍሪጅ፣ የጣሪያ ድንኳን፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ሲደመሩ ባለቤቱ ሳያውቀው አምራቹ ከፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ያልፋል። የተፈቀደው ክብደት በመኪናው አካል ላይ በተለጠፈው ሳህንና በመጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ጠንካራ ባሌስትራ መግጠም ያንን ቁጥር አያሳድገውም፤ ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታውና ቸርኬው የድሮዎቹ ናቸውና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መኪናውን ለጉዞ እንደሚዘጋጀው ሞልቶ የጭነት መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። በመጀመሪያ የፊት ጎማዎች ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹ ብቻ፣ በመጨረሻ መላው መኪና ይመዘናል። ሚዛን በማይገኝበት ቦታ ሜትር ይበቃል፦ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ባዶውን ለክቶ መጻፍ፣ ከዚያ ጭኖ መልሶ መለካት። አንዱ ጎን ከሌላው በግልጽ ከወረደ የውሃ ታንከሩና ባትሪዎቹ ወደ አንድ ወገን ተከማችተዋል ማለት ነው። ይህን ዕቃ በማዛወር እንጂ በባሌስትራ ማስተካከል አይገባም።

ባሌስትራ፦ መጨመር፣ ማስቀጥቀጥ፣ መተካት

የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ማምረት የተጀመረው በፈረንጆቹ 1984 ነው። እስከ 1999 ድረስ ሃርድቶፑ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱ ሞላ ሆነ፣ ኋላው ግን በባሌስትራ ቀጠለ። የሃይለክስ ኋላም ባሌስትራ ነው፤ የሃያስ ሚኒባስም እንዲሁ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ስለ ሰስፔንሽን ሲወራ ብዙው ወሬ ስለ ኋላ ባሌስትራ ነው።

በጣም የተለመደው መፍትሔ አንድ ንጣፍ መጨመር ነው። ርካሽ ነው፣ በግማሽ ቀን ያልቃል። ችግሩ ልኩ ነው። እኩል ውፍረት ያላቸው አምስት ንጣፎች ላይ ስድስተኛ ተመሳሳይ ቢጨመር ጥንካሬው በአምስተኛ እጅ፣ በ20 በመቶ ያድጋል። የአንድ ንጣፍ ጥንካሬ ግን በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚሄድ፣ 10 በመቶ የወፈረ ንጣፍ 33 በመቶ ይጠነክራል፤ ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ስምንት እጥፍ ይጠነክራል። ከአይሱዙ የተረፈ ወፍራም ብረት ቆርጦ ላንድክሩዘር ውስጥ ማስገባት አደጋው እዚህ ላይ ነው። ጥቅሉ የሚታጠፈው ወፍራሙ በሚፈቅደው ልክ ብቻ ይሆናል፤ ምቱም ወደ ሻንሲው ይተላለፋል፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ማያያዣዎቹ ከተበየዱበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የተኛውን ባሌስትራ ማስቀጥቀጥ ነው። በቀዝቃዛው ተመትቶ ቅስቱ ሲመለስ ለተወሰነ ጊዜ ያገለግላል። በእሳት እስኪቀላ ግሎ የተመታ ግን ፋብሪካው የሰጠውን የብረት ጠባይ ያጣል፤ በትክክል ካልተነከረና ካልተመለሰ ወይ ይተኛል ወይ ይሰበራል። የተሰበረ ንጣፍ በብየዳ አይጠገንም፤ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰበራልና።

ሦስተኛውና ትክክለኛው መንገድ ሙሉ ጥቅሉን ለተመዘነው ክብደት በተሠራ መተካት ነው። ጥሩ አምራቾች ባሌስትራን በጭነት ደረጃ ይለያዩታል፤ አንዳንዱ ለባዶ፣ አንዳንዱ ለ300 ኪሎ፣ አንዳንዱ ለ600 ኪሎ ቋሚ ጭነት ይሠራል። የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ በዚህ ይታወቃል። «ቋሚ» የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ የ600 ኪሎ ባሌስትራ ገጥሞ ባዶውን የሚነዳ ሰው መንገድ ይዞ መቆየት ያዳግተዋል።

አገጣጠሙም ይቆጠራል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች ሲጠብቁ ይለጠጣሉና በአዲስ መተካት አለባቸው፤ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በኋላም ዳግመኛ መጥበቅ አለባቸው። የጎማ ቡሽ ያላቸው ቡሎኖች በክሪክ በተንጠለጠለ መኪና ላይ መጨረሻቸው ድረስ አይጠብቁም፤ መኪናው መሬት ላይ በክብደቱ ቆሞ ነው የሚጠብቁት። ያለዚያ ቡሹ ተጠምዝዞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። ከክረምት ጉዞ በኋላ በንጣፎቹ መካከል የገባውን ቀይ አፈር በውሃ ማጠብ ዕድሜያቸውን ያራዝማል።

ሞላና አሞርዛተር

የፊት ሞላ ሕግም ተመሳሳይ ነው። ጥንካሬው ከሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል፦ የ16 ሚሊ ሜትር ሽቦ ወደ 17 ሲያድግ ጥንካሬው በ27 በመቶ ይጨምራል። የብረት መከላከያና ዊንች ያልገጠመ መኪና ፊቱን የሚያጠነክርበት ምክንያት የለውም። ወደ ካምፐርነት በስፋት የሚለወጠው የመርሴዲስ ስፕሪንተር ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዷል፤ ባለፉት ትውልዶቹ ፊቱን የሚሸከመው በአግድም የተዘረጋ የፋይበር ባሌስትራ ነው። ይህን የመሰለ ክፍል አገር ውስጥ በቅጥቀጣም በብየዳም አይታከም፤ በእንዲህ ያለ መኪና የሚመጣ መንገደኛ መለዋወጫውን ይዞ መምጣት አለበት።

በዚህ አካባቢ መንገድ ላይ ለውጡ ፈጥኖ የሚታየው በአሞርዛተር ነው። በተሸበሸበ ጠጠር ላይ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ አሞርዛተር ይግላል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎም ይኮፈሳል፤ በመጨረሻ መያዙን ይተዋል። ባለ ሁለት ቱቦው ዓይነት ርካሽ ነው፤ ጠጠር የውጭ ቱቦውን ቢያጎብጠውም መሥራቱን ይቀጥላል። ባለ አንድ ቱቦው በከፍተኛ ግፊት ናይትሮጅን ስላለው ዘይቱ አይኮፈስም፣ ሙቀትንም ቶሎ ያስወጣል፤ ነገር ግን ቱቦው በድንጋይ ከተጎረበጠ ፒስተኑ ይያዛል። የጀርመኑ ቢልስታይን በባለ አንድ ቱቦው፣ የኔዘርላንዱ ኮኒ በሚስተካከሉት አሞርዛተሮቹ ይታወቃሉ። ድንጋይ ለሚበዛበት ገጠር ወፍራም ባለ ሁለት ቱቦ፣ ረጅም ጠጠር በፍጥነት ለሚጓዝ ባለ አንድ ቱቦ ይሻላል።

የደከመ አሞርዛተርን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጠጠር ጉዞ በኋላ እጅን በጥንቃቄ ማስጠጋት ነው፦ ሦስቱ ግለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ያ ቀዝቃዛው ሥራ አቁሟል። አዲስ ሲገዛ ደግሞ ከአዲሱ ባሌስትራ ጋር መዛመድ አለበት፤ ጠንካራ ባሌስትራ በቀድሞው አሞርዛተር ላይ መግጠም መኪናውን ያስዘልለዋል።

የአየር ከረጢት፣ ድፍን ብረትና ረጅም ማያያዣ

የአየር ከረጢት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ጭነት ሲኖር ይነፋል፣ ሲራገፍ ይተነፍሳል። ጭነቱ የሚለዋወጥ መኪና ከዚህ ይጠቀማል። ነገር ግን ባሌስትራ ክብደቱን በሁለት ጫፎቹ ለሻንሲው ሲያካፍል፣ ከአክስሉ በላይ የተቀመጠ ከረጢት ሻንሲውን አንድ ቦታ ላይ ይገፋዋል። ከኋላ አክስል ባሻገር ብዙ የጫኑ ፒክአፖች በዚህ ምክንያት ሻንሲያቸው ጎብጧል። ከረጢት የጎደለን ያሟላል እንጂ ትርፍ ጭነትን ሕጋዊ አያደርግም።

በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ድፍን ብረት ማስገባት ወይም ረጅም ማያያዣ መግጠም መኪናውን ያስረዝመዋል፤ የመሸከም አቅሙን ግን በአንድ ኪሎ እንኳ አይጨምርም። ድፍኑ አክስሉ በራሱ ላይ እንዲጠመዘዝ ያመቻቻል። በፊት አክስል ላይ በፍጹም መግባት የለበትም፤ አንዱን በሌላው ላይ መደራረብም እንዲሁ።

ቁመት የሚያስከፍለው

መኪና 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ብዙ ነገር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ባለ ሞላው ላንድክሩዘር ፊት አክስሉ በክንዶቹ ላይ ይዞርና መሪው ራሱን ወደ መሐል የሚመልስበት ማዘንበል ይቀንሳል፤ በአስፋልት ላይ መኪናው ወዲያ ወዲህ ማለት ይጀምራል። አክስሉን ከጎን የሚይዘው ዘንግም አክስሉን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ሁለቱም በተገቢ ቡሽና በሚስተካከል ዘንግ ይታረማሉ፤ ከዚያ አላይመንት ይከተላል። የፍሬን ቧንቧ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል እንዳይወጠር መታየት አለበት፤ የፊት መብራትም ዝቅ ብሎ መስተካከል ይገባዋል፣ ያለዚያ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል።

ከሁሉ የሚረሳው በጭነት ልክ የሚሠራው የኋላ ፍሬን ቫልቭ ነው። ቫልቩ ከአክስሉ ጋር በዘንግ ተያይዞ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያለውን ርቀት ይከታተላል፤ ርቀቱ ከሰፋ መኪናው ባዶ እንደሆነ ይቆጥርና ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። ሙሉ የተጫነ ግን ከፍ የተደረገ መኪና ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ የኋላ ፍሬኑ ግማሽ ልብ ይሆናል፤ ሥራው ሁሉ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ይግላልም። የዘንጉን ማያያዣ በተነሳው ልክ ማስተካከል የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሳይሠራ ሲቀር የሚከፈለው ዋጋ ግን የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

መገልበጥም አለ። የመኪና መረጋጋት በቀላሉ የሚለካው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት ግማሽ ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ በማካፈል ነው። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ የማዕከሉ ከፍታ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 0.94 ነው፤ ማዕከሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ 0.88 ይሆናል። ጣሪያ ላይ ድንኳንና ጀሪካን ሲጨመር ደግሞ ይወርዳል። በጠባብ የተዳፋት መንገድ፣ ክረምት ዳር ሲሸረሸር፣ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ጀሪካኑ ወደ ውስጥ፣ ወደ ታች፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ይግባ።

ወደ ሌላ ነገር ከመሄድ በፊት ጎማን መጥቀስ ይገባል። በጠጠር ላይ የአየር ግፊትን ከአስፋልቱ መጠን በሩብ ያህል ቀንሶ፣ ፍጥነትን ዝቅ አድርጎ መንዳት ምንም የማያስወጣ የሰስፔንሽን ማሻሻያ ነው። አስፋልት ሲደረስ መልሶ መንፋት ግዴታ ነው፤ ጎሚስታ ሩቅ ነውና ትንሽ ኮምፕሬሰር መያዝ ያዋጣል።

ገበያውና ሕጉ

ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ናረ። ሁለቱ ሲደመሩ መልእክታቸው ግልጽ ነው፦ ያለውን መኪና በጥንቃቄ ማቆየት ከምንጊዜውም በላይ አስፈላጊ ሆኗል፤ የተሳሳተ ዕቃ መግዛትም ከምንጊዜውም በላይ ውድ ነው። አብዛኛው ሰው መርካቶ ሶማሌ ተራ ይሄዳል፤ እዚያ የመኪናውን ሻንሲ ቁጥርና የተመዘነውን ክብደት በወረቀት ይዞ መሄድ «ለላንድክሩዘር ባሌስትራ» ብሎ ከመጠየቅ የተሻለ ዕቃ ያስገኛል።

ከሀዲያ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው ይታወቃል። በዚያ አገር ከፍ የተደረገ ፒክአፕና የጣሪያ ድንኳን የተለመደ ስለሆነ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ዕቃ እንዲልክ መጠየቅ ያጓጓል። አንድ ነገር ይታወስ፦ ደቡብ አፍሪካ መሪ በቀኝ ነው፣ ኢትዮጵያ በግራ። አንዳንድ የሞላ ጥንዶች የሾፌሩንና የነዳጁን ወገን ክብደት ለማካካስ አንዱ ከሌላው ረዘም ተደርጎ ይሠራል፤ ያለ ጥያቄ የተገዛ ጥንድ መኪናውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ቁመትን የሚለውጥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መኪናውን የመዘገበውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ የተገጠሙትን ዕቃዎች ደረሰኝና የክብደት ወረቀት መያዝ ለምርመራም ለኢንሹራንስም ይጠቅማል።

ፍርዱ

የዳሰሳው ድምር ይህ ነው። መጀመሪያ መመዘንና ትርፍ ዕቃ ማራገፍ፤ ሁለተኛ ያረጁ ቡሾችንና አሞርዛተሮችን መተካት፤ ሦስተኛ በክብደቱ ልክ የተሠራ ሙሉ ባሌስትራና ሞላ መግጠም፤ አራተኛ መሪውን፣ የፍሬን ቧንቧውንና የፍሬን ቫልቩን ማስተካከል። ብዙ መኪና በሁለተኛው ደረጃ ይድናል። ትክክለኛ ባሌስትራ የተኛውን መኪና ሲያነሳ ከሚገኘው ቁመት በላይ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ መጨመር ለሀዲያና ለከምባታ መንገድ አያስፈልግም።

የጋራዥ ባለሙያዎቻችን እጅ ወርቅ ነው፤ የጎደላቸው ሚዛንና በጽሑፍ የተያዘ ልክ ነው። ባለቤቶች «ከፍ አድርጉልኝ» ማለትን ትታችሁ «ስንት ኪሎ ነው የምሸከመው?» ብላችሁ ግቡ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችም በበኩላችሁ የአምቡላንሱን ባሌስትራ ከማስጠንከራችሁ በፊት በዚያ አልጋ ላይ የምትተኛውን እናት አስቡ፤ ለእሷ የሚያስፈልገው ለስላሳ ባሌስትራና ጤነኛ አሞርዛተር ነው።